ቅዳሜ ገበያ በሲልቨር ስፕሪንግ፦ ደንበኛ የመሆን መመሪያ

እናቴ ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ የመጣች ሰሞን ሱፐርማርኬት ይዣት እሄድ ነበር። ጋሪውን ትገፋለች። የታጠበውን፣ የታሸገውን፣ ዋጋ የተለጠፈበትን ሁሉ እያየች ታልፋለች። የሚያናግራት የለም። ሒሳብ ስንከፍል እንኳ ያለችው ማሽን ናት። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ገብተን በሩን ሳትዘጋ "እዚህ አገር ሻጭ የሚባል ሰው የለም እንዴ?" አለችኝ።

አለ። ቅዳሜ ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ መሀል ከተማ፣ ኤልስዎርዝ ድራይቭ አካባቢ፣ ድንኳኑን ዘርግቶ ይቆማል፤ ገበሬው ራሱ ምርቱን የሚሸጥበት የገበሬ ገበያ የሚሉት ነው። እኔ ግን ለዓመታት በአጠገቡ እያለፍኩ የባለ ገንዘብ ፈረንጅ መዝናኛ ይመስለኝ ነበር።

ይህ መመሪያ እንደኔ ላሰበ ሁሉ ነው። ይበልጥ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ የምትውል እናት ወይም ቴሌቪዥን የሰለቸው አባት ቤቱ ላለ ሰው። ምሳሌዬን ከሲልቨር ስፕሪንግ የማመጣው የማውቀው እሱን ስለሆነ ነው። ሌላ ከተማ ብትኖሩም ዘዴው ብዙ አይለይም።

ስለ ጤና ስናወራ ሁላችንም የምናስበው አትክልቱን ነው። አትክልቱ ጥሩ ነው፣ አልክድም። እኔ ያየሁት ትልቁ ለውጥ ግን ከወሬው የመጣ ነው። በ2023 የአሜሪካ ሰርጀን ጀነራል፣ ማለትም የመንግሥቱ ዋና የጤና ተጠሪ ሐኪም፣ የነበሩት ዶክተር ቪቬክ መርቲ ስለ ብቸኝነት ማስጠንቀቂያ አውጥተው ነበር። ከሰው መነጠል ዕድሜን የማሳጠሩን ነገር በቀን እስከ 15 ሲጋራ ከማጨስ ጋር አነጻጽረውታል። ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በ1981፣ ሮበርት ሶመር የተባለ የካሊፎርኒያ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሱፐርማርኬትንና የገበሬ ገበያን አወዳድሮ ነበር። ሱፐርማርኬት የሚመጣው ሰው አብዛኛው ብቻውን ነው። የገበሬ ገበያ የሚመጣው ከሰው ጋር ነው፤ ከመጣ በኋላም ከሌላው ጋር የበለጠ ያወራል። እናቴ ይህን ያለ ጥናት ታውቀዋለች።

ደረጃ 1፦ ገበያውንና ቀኑን ምረጡ

የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በ1994 ሲቆጥር በመላ አገሪቱ 1,755 የገበሬ ገበያ ነበር። በ2019 ከ8,700 በላይ ደርሶ ነበር። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ አንድ ሳይኖር አይቀርም።

የሲልቨር ስፕሪንጉን የሚያካሂደው ፍሬሽፋርም የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ይኸው ድርጅት በ1997 ዲሲ ውስጥ በዱፖንት ሰርክል ገበያ ነው ሥራ የጀመረው። የሲልቨር ስፕሪንጉ ገበያ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ከሜትሮው በእግር ይደረሳል። ቅዳሜ ሥራ ለሚገቡት፣ እኛ ደግሞ ቅዳሜ የማይሠራ ሰው ስንት አለን፣ ታኮማ ፓርክ የእሁድ ገበያ አለ። ይህ ከ1983 ጀምሮ ያለ አንጋፋ ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነኝ የሚል ደግሞ በሳምንቱ መሀል ከሰዓት በኋላ ዲሲ ውስጥ የሚከፈቱትን ይፈልግ። ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ስለሚቀያየር ከመውጣታችሁ በፊት ድረ ገጻቸውን እዩ።

ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። "እዚህ የሚሸጠው ራሱ ያመረተ ሰው ብቻ ነው?" ብላችሁ የመረጃ ድንኳኑን ጠይቁ። በፍሬሽፋርም ገበያዎች ሕጉ ይህ ነው። ገበሬው ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያ፣ ከፔንሲልቬንያ ወይም ከዌስት ቨርጂኒያ ሌሊት ተነስቶ የራሱን ምርት ይዞ ይመጣል። አንዳንድ ቦታ ግን ከጅምላ ገበያ ካርቶን ገዝቶ ድንኳን ሥር የሚደረድር አለ። ዲሴምበር ላይ ሙዝና ሎሚ ካያችሁ ገበሬ አይደለም፣ ነጋዴ ነው። ነጋዴ መሆን ነውር የለውም። የምታወሩት ግን ስለ እርሻው ሊሆን አይችልም።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያውን ቀን ባዶ እጃችሁን ዙሩ

አንድ ዙር ሳትገዙ ዙሩ። አገር ቤት ጉልት ላይ እንደምናደርገው። የዚኛውን ጎመን አይቶ፣ የዚያችኛዋን ድንች አገላብጦ፣ ከዚያ መመለስ። እዚህም ማንም አይቆጣችሁም።

ስሙ ሌላ ሆኖ ዕቃው የኛ የሆነ ብዙ ነገር አለ። ለጎመን የሚቀርበው ኮላርድ ግሪንስ ነው። ኬል የሚሉት የተጨማደደው ለክትፎ ጎመን አይመችም፤ ለሰላጣ ይሁን። ቆስጣ ስዊስ ቻርድ ይባላል፤ ግንዱ ቀይና ቢጫ ሆኖ ስታዩት ግራ አይግባችሁ፣ ያው ቆስጣ ነው። ዱባ ለወጥ ከፈለጋችሁ ካቦቻ የሚባለውን ውሰዱ፤ ደረቅ ነው፣ ውሃ አይለቅም። ለሃሎዊን የሚቀረጸውን ትልቁን ብርቱካናማ ግን ለድስት አታስቡት። ለበሶብላ የሚቀርበው ታይ ባዚል ወይም ሆሊ ባዚል ነው፤ የጣሊያኑ ባዚል ሽታው ሌላ ነው።

በቆሎ ላይ ላስጠንቅቃችሁ። የአሜሪካ በቆሎ ጣፋጭ ነው፣ ውሃ የበዛበት ነው፣ ከሰል ላይ ስታደርጉት እንደኛ አይጠበስም። የተለየ ዘር ነው። እኔ መጀመሪያ ዓመት አሥራ ሁለት ገዝቼ በረንዳ ላይ የመንገድ ዳር ጥብስ ልሠራ ብዬ ጎረቤት ፊት አፍሬያለሁ። በኋላ አንዱን ገበሬ "እርሻ ላይ ቆይቶ የጠና ካለ አምጣልኝ" አልኩት። ሳቀ። "ይሄማ ለዶሮ የምጥለው ነው" አለ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ከረጢት ይዞልኝ መጣ። እንደ አገር ቤቱ ነው አልልም፤ ጥርስ ላይ ግን ይቆማል።

ደረጃ 3፦ አንድ ድንኳን ምረጡና ተመላለሱ

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚህ ደረጃ ብዬ ነው። ሌላውን ብትዘሉት ግድ የለኝም።

አብዛኛው ሰው የገበሬ ገበያ ሲሄድ እንደ ጎብኚ ነው። ቡና ይዞ፣ ውሻ ይዞ፣ ከየድንኳኑ አንድ አንድ እየገዛ። በዚህ መንገድ አሥር ዓመት ብትመላለሱ ማንም አያውቃችሁም። እኛ ግን ደንበኝነት የሚባል ነገር ይዘን ነው የመጣነው። አትክልት ተራ የእናቴ ደንበኛ የነበረችው ሴትዮ ሃያ ዓመት ሙሉ ሽንኩርት ሸጣላታለች። ልጆቿን በስም ታውቃለች። የታመመች ጊዜ ጠይቃታለች። ያ ዕውቀት እዚህም ይሠራል። ሻጩ የሚናገረው ቋንቋ ሌላ ሆነ እንጂ እሱም ተመላላሽ ሰው ነው የሚፈልገው። ዝናብ ጥሎ ገበያው ጭር ሲል የሚመጣለትን ያውቃል።

ምን ዓይነት ድንኳን? ቅጠላ ቅጠል የሚበዛበት። ፍራፍሬ ወቅቱ ሲያልፍ ሻጩ ሊጠፋ ይችላል፤ ጎመንና ድንች ያለው ግን የዓመቱን አብዛኛውን ይኖራል። ደግሞም ራሱ ገበሬው ወይም ሁልጊዜ የሚመጣ አንድ ሰው ቆሞ የሚሸጥበት ይሁን። በየሳምንቱ ተማሪ የሚቀያየርበት ድንኳን ለደንበኝነት አይሆንም።

በየሳምንቱ በተቀራራቢ ሰዓት ሂዱ። ከተከፈተ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት ምርጡ ዕቃ ያለበት ነው፤ ለወሬ የሚመቸው ግን ግርግሩ ጋብ ሲል፣ መሀል ላይ ነው። የገዛችሁትን በልታችሁ ምን እንደሆነ ተመልሳችሁ ንገሩት። "ያ ቃሪያ አቃጠለን" በሉት። ገበሬ ከሁሉ በላይ የሚወደው ወሬ ይሄ ነው፤ ዕቃው ከድንኳኑ ከወጣ በኋላ የት እንደደረሰ አያውቅምና።

እናታችሁን ከፊት አድርጉ። እኔ መጀመሪያ እኔው እያስተረጎምኩ ነበር፤ ስህተት ነበር። እኔ ስናገር ሻጩ የሚያየው እኔን ነው። አንድ ቅዳሜ ስልክ ተደውሎልኝ ትንሽ ራቅ አልኩ። ስመለስ እናቴ ከአንድ እስር ጎመን አንዱን ቅጠል መዛ አውራ ጅማቱን በሁለት ጣቷ ቀጨም አደረገችው። ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችው። ከዚያ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ገበሬው ዝም ብሎ ያያታል። ሌላ እስር ሰጣት። ያንንም ሰበረችና "ኖ" አለች። ይሄኔ ከጠረጴዛው ሥር ካለው ሳጥን ለጋውን አወጣላት። ቀጨ። ፈገግ አለች። እሱም ወደ እኔ ዞሮ "ጅማቱን ነው የምታዳምጠው?" አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለጋው ሳጥን ለ"ማማ" ይቀመጣል።

የሚያስፈልጓት ቃላት ጥቂት ናቸው። "ጉድ ሞርኒንግ"፣ "ሃው ማች"፣ "ሆት?" ለቃሪያው፣ "ሞር"፣ "ኔክስት ዊክ"። በአማርኛ ፊደል ካርቶን ላይ ጽፌላት ዘንቢሏ ውስጥ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ካርቶኑ ጠፋ፤ አልፈለገችውምም።

ምራቂ ታውቁ የለ? ሻጭ ሒሳብ ከተቀበለ በኋላ በራሱ ፈቃድ ጣል የሚያደርጋት። እዚህ ገበያ ስሟን ሲጠሩ አልሰማሁም፤ ግን አለች። አትጠይቁ፣ በራሷ ጊዜ ትመጣለች። ሦስት ቃሪያ፣ አንድ እፍኝ ፎሶሊያ፣ የተሰነጠቀች ቲማቲም። እናቴ በምላሹ በጃም ጠርሙስ ሚጥሚጣ ሰጠችው። በሚቀጥለው ሳምንት ምን አለ መሰላችሁ? እንቁላል ላይ አድርጎት ሚስቱ ቤቱን መስኮት ከፍታ አናፈሰች አለ።

ደረጃ 4፦ ክፍያ፣ ኢቢቲና ሌላውም

ብዙ ሀበሻ ገበያውን የሚሸሸው በዋጋው ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ዘርዘር ላድርግ።

የስናፕ፣ የመንግሥት የምግብ ድጋፍ፣ ካርድ ያላችሁ፣ ኢቢቲ የምንለው፣ ሻጩ ጋ በቀጥታ አትሂዱ። መጀመሪያ የመረጃ ድንኳኑን ፈልጉ። ስንት ብር ማውጣት እንደምትፈልጉ ንገሯቸው፣ ካርዱን ያንሸራትቱታል፣ በምትኩ እንደ ሳንቲም ያለ ቶክን ወይም ቁራጭ ወረቀት ይሰጧችኋል። በዚያ ነው የምትገዙት። ለስናፕ ቶክን የገንዘብ መልስ አይሰጥም፤ ስለዚህ ሂሳባችሁ ሞላ እንዲል አንድ ሁለት ድንች ጨምሩበት።

አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ማር ይገዛል። ሰው የማያውቀው ደግሞ የሚበላ ነገር የሚሰጥ ዘርና ችግኝም ይገዛል። የበሶብላ ችግኝ፣ የቃሪያ ችግኝ፣ የቲማቲም ችግኝ። አበባ፣ ሳሙናና እዚያው ተሠርቶ በሙቁ የሚበላ ምግብ አይገዛም።

ዋናው ነገር ብዙ ገበያዎች የምታወጡትን እጥፍ ያደርጉላችኋል። አሥር ዶላር ስታወጡ ሌላ ይጨምሩላችኋል፤ ጭማሪው ብዙውን ጊዜ ለአትክልትና ፍራፍሬ ነው። ጣራው ከገበያ ገበያ፣ ከዓመት ዓመት ይለያያልና "ማች አላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ይህ አሠራር በአሜሪካ ቀድሞ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ እኛው ሰፈር ነው፤ በ2007 በታኮማና ላንግሊ ድንበር የተከፈተው ክሮስሮድስ ገበያ።

የዊክ፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለእናቶችና ለሕፃናት የሚሰጠው የምግብ ድጋፍ፣ ተጠቃሚ እናቶች ለገበሬ ገበያ ብቻ የሚሆን የተለየ ጥቅም በሰመር ሊያገኙ ይችላሉ። ለአረጋውያንም አለ፤ ዕድሜ 60 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ። በዚህ ማርም መግዛት ይቻላል። የሚታደለው በካውንቲው የአረጋውያን ቢሮ በኩል ነው፤ መጠኑ የተወሰነ ስለሆነ በስፕሪንግ ቀድማችሁ ጠይቁ። የሚቀበለውም ፈቃድ ያለው ገበሬ ብቻ ነው፤ ድንኳኑ ላይ ምልክቱን እዩ።

አንድ ማሳሰቢያ። በ2025 በወጣው የፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ ያላገኙ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ከስናፕ እንዲወጡ ተደርጓል። ግሪን ካርድ ያለው ጎልማሳም ብዙውን ጊዜ አምስት ዓመት ይጠብቃል። ልጆች ላይ ግን የተለየ ነው፤ ዜጋ የሆነ ልጅ በራሱ ሊያገኝ ይችላል። ቡና ላይ በሰማችሁት አትወስኑ፤ ካውንቲውን ጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ዋጋ ላይ አትከራከሩ፣ ሌላ መንገድ አለ

"በስንት ትጨርሻለሽ" እዚህ አይሠራም። እናቴ ሞክራው ሻጩ ቀይ ሆነ። ግን ዋጋ የሚቀንስባቸው በሮች አሉ።

አንደኛው ሰከንድስ ነው። የተጠማዘዘ፣ የተሰነጠቀ፣ ጠባሳ ያለው ቲማቲም። ለሰላጣ ባያምርም ለስልስ ምን ይጎድለዋል? ብዙ ጊዜ ከጠረጴዛው ኋላ ስለሚቀመጥ ካልጠየቃችሁ አታዩትም። ሁለተኛው ሳጥን ነው። በእስር ሳይሆን በሳጥን ስትወስዱ ዋጋው ይለያል። ሦስተኛው መዝጊያ ሰዓት ነው፤ ቅጠሉን ጭኖ ከመመለስ ቀንሶ መሸጥ የሚመርጥ አለ። ደንበኛ ሆናችሁ ግን ሁልጊዜ መዝጊያ ላይ ብቻ አትምጡ፤ ይታወቅባችኋል።

ሳጥን ስትገዙ ቤታችሁን አስቡ። እኔ ኦገስት ላይ 25 ፓውንድ ቲማቲም ገዝቼ መኪና ውስጥ ትቼ ክርስትና ሄድኩ። ስመለስ መኪናው ራሱ ስልስ ሆኖ ጠበቀኝ። ሽታው እስከ ታንክስጊቪንግ ቆየ።

ኦርጋኒክ የሚል ወረቀት የሌለው ሁሉ መርዝ የሚረጭ እንዳይመስላችሁ። የምስክር ወረቀቱ ገንዘብም ጊዜም ይፈልጋል፤ ብዙ ትንንሽ ገበሬዎች አያወጡትም። "ትረጫለህ? ምን? መቼ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሳይቅለሰለስ የሚመልስላችሁን ያዙ።

ደረጃ 6፦ ወቅቱን ተከተሉ፣ ጾሙንም

ሱፐርማርኬት ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው። እዚህ ግን ሁሉም ነገር በየወቅቱ ነው።

ሁዳዴ መጥፎ ጊዜ ላይ ይውላል። ማርችና ኤፕሪል ጎተራ የሚራቆትበት ጊዜ ነው፤ ያለው ሥር ሥሩ፣ እንጉዳይና ትንሽ ቅጠል ነው። ሜይ ላይ ችግኝ ይመጣል፣ ወደ ማብቂያው እንጆሪ። ጁን ላይ የነጭ ሽንኩርት አበባ ዘንግ ታያላችሁ፤ እንደ ጅራት የተጠመዘዘ አረንጓዴ ነገር ነው። ቀጥቅጣችሁ አዋዜ ውስጥ ጨምሩት።

ፍልሰታ ግን! ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው የምንጾመው። በዚህ አገር ገበሬ ጋ ከዓመቱ ሁሉ የሞላው ጠረጴዛ የዚያን ጊዜ ነው። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፎሶሊያ፣ ዝኩኒ፣ አዲስ ድንች፣ ኮክ፣ በቆሎ። ጾም ማለት ምስርና ሽሮ ብቻ ለመሰለው ልጅ ይህን አሳዩት። የኛ ቤት ፍልሰታ የቲማቲም ፍትፍት ነው፤ በየቀኑ፣ ሰው እስኪሰለቸው።

ጎመን በጁላይ ሙቀት ይጠነክራል፣ ይመራል። ውርጭ ከመታው በኋላ ይጣፍጣል፤ ቅጠሉ ብርዱን ለመቋቋም ስኳር ያጠራቅማል። ስለዚህ የገና ጎመናችሁን ከኖቬምበር ጀምሮ ግዙና አስቀምጡ። አጥባችሁ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ሦስት ደቂቃ፣ ወዲያው በረዶ ውሃ ውስጥ፣ ጨምቃችሁ ፍሪዘር።

ስለ አያያዝ ሁለት ቃል ብቻ። ቲማቲም ፍሪጅ አታስገቡ፣ በሶብላም እንደ አበባ ውሃ ውስጥ ውጭ ይቁም። ጎመን ላይ ትል ብታዩ አትደንግጡ፤ ጨው ባለበት ውሃ ዘፍዝፉት።

ደረጃ 7፦ ሰው ጨምሩበት

አንድ ሰው ደንበኛ ከሆነ በኋላ ቀሪውን ማምጣት ቀላል ነው። እኛ የጀመርነው ከማኅበር ነው። የማኅበር ተራ የደረሳት ሴት ጎመን ለሠላሳ ሰው ከሱፐርማርኬት ስትለቅም ሰማን። እናቴ "ለኔ ሰው እንንገረው" አለች። ገበሬውን "የኔ ሰው" ነው የምትለው። አንድ ሳምንት ቀድመን ነገርነው፣ አርባ እስር ለጋውን ለብቻ ቆርጦ አመጣ። ትልቅ ትእዛዝ ሁልጊዜ የቀደመውን ቅዳሜ ንገሩ፤ ዕለቱን ሄዳችሁ አርባ እስር ብትሉ የሌላውን ደንበኛ ድርሻ ነው የምትወስዱበት። ካዘዛችሁ ደግሞ አትቅሩ። አንድ ሀበሻ ቢቀር ስሙ የሚነሳው የሁላችንም ነው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት እናቴን የሚያጅቡ ሦስት እናቶች አሉ። አንዷ ጉልበቷን ስለሚያማት ትንሿን ተጎታች ጋሪ እንደ ምርኩዝ ይዛ ነው የምትመጣው። ሐኪሙ በእግር ሂጂ ብሏት ስትለግም ነበር። ገበያ ሲባል ግን ማንም አይቀድማትም። ሲጨርሱ ፌንተን ስትሪት አካባቢ ካሉት የኛ ቤቶች አንዱ ገብተው ቡና ይጠጣሉ። የሚያወሩት ስለ ጎመን ነው። ሁለት ሰዓት!

ልጆችን ገንዘብ አስይዟቸው። ሦስት ዶላር ስጧቸውና የፈለጉትን ይግዙ፤ ጣልቃ አትግቡ። የኔው ልጅ ሐምራዊ ካሮት ገዛ። ራሱ የገዛውን ግን በላ።

ገበያው ሲዘጋ የተረፈውን ሰብስበው ለምግብ ዕርዳታ የሚወስዱ በጎ ፈቃደኞችን በብዙ ገበያ ታያላችሁ። ግሊኒንግ ይሉታል። እኛ ደግሞ ቃርሚያ እንለዋለን። ሥራው ሳጥን ማንሳትና መመዘን ስለሆነ እንግሊዝኛ ብዙም አይጠይቅም። አዲስ የመጣ ዘመድ ሥራ ፈቃዱን ቤት ቁጭ ብሎ ከሚጠብቅ ወደዚያ ላኩት፤ ሰው ይለምዳል። ነገር ግን መረጃ ድንኳኑ ጋ በበጎ ፈቃደኝነት ተመዝግቦ ይሁን።

ደረጃ 8፦ በዊንተር አትጥፉ

የሲልቨር ስፕሪንጉ ገበያ ዓመቱን ሙሉ ነው፤ ዊንተር ላይ ድንኳኑም ሰዓቱም ያንሳል። የደንበኛ ማጣሪያው ያኔ ነው። ጃኑዋሪ ላይ በብርዱ ቆሞ ድንችና ካሮት የሚሸጥ ሰው የመጣለትን አይረሳም። እናንተም እናታችሁን በዚያ ወር ከቤት የምታወጡበት ሌላ ምክንያት የላችሁ ይሆናል። ካፖርት፣ ጓንት፣ የማያንሸራትት ጫማ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

ሌላም ጥቅም አለው። ገበሬ ለመጪው ዓመት ዘር የሚመርጠውና የሚያዘው በዲሴምበርና በጃኑዋሪ ነው። "የሚያቃጥል ረጅም ቃሪያ ብትተክል እንገዛልሃለን" ማለት ያለባችሁ ያኔ ነው። ኦገስት ላይ ብትነግሩት ራሱን ነቅንቆ ይረሳዋል። ስንት እንደምትገዙም ንገሩት፤ "በየሳምንቱ አምስት ፓውንድ፣ ስድስት ቤተሰብ ነን" ሲባል ለገበሬ ቁም ነገር ነው። ከአገር ቤት ዘር በሻንጣ አምጥታችሁ ልስጠው አትበሉ፤ ያለ ፈቃድና ያለ ምርመራ ወረቀት ዘር ማስገባት ክልክል ነው፣ ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል። የሚቀርበውን ዝርያ እዚሁ ካለ የዘር ካታሎግ አብራችሁ ፈልጉ።

ባለፈው ጃኑዋሪ አንድ ቅዳሜ ጉንፋን ይዟት እናቴን ቤት ትቼ ብቻዬን ሄድኩ። ገበሬው ከትከሻዬ ኋላ እያየ "ማማስ?" አለኝ። ነገርኩት። ከጓንቱ እጁን አውጥቶ ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን የዘር ካታሎግ አወረደ። ቃሪያ ያለበት ገጽ ላይ ሦስቱን በእርሳስ አክብቧቸዋል። "ውሰድላት፣" አለኝ፣ "የቱን እንደምትፈልግ ምልክት ታድርግበትና ቅዳሜ መልስልኝ።"